የብጉር ኪኒን፦ የሚጀመርበትና የሚቆምበት ቀን

(በቆቦ ከተማ ለጠቅላላ ታዳሚ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



ሐምሌ ሲጋመስ በየመድኃኒት ቤቱ አንድ ጥያቄ ይበረክታል። ልጅቱ ከጓደኛዋ ጋር ትመጣለች፣ ሌላው ገዥ እስኪወጣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የብጉር ኪኒን አላችሁ?» ትላለች። የልጃገረዶቹ በዓል፣ ሶለል፣ እየደረሰ ነው። ነሐሴ 16 ቀን ተሠርታና ተውባ፣ ከበሮ ይዛ ከእኩዮቿ ጋር ደጅ ለደጅ ልትጨፍር ነው፤ ፊቷ ግን ብጉር በብጉር ሆኗል። ጥር ላይ ደግሞ ሙሽሮቹ ይመጣሉ፤ ወንዶቹም አይቀሩም፣ ብቻ እነሱ ለወንድማቸው እንደሚገዙ አድርገው ነው የሚጠይቁት።

ኪኒኑ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ዶክሲሳይክሊን ነው፤ አንዳንዴ ቴትራሳይክሊን፣ አንዳንዴም አዚትሮማይሲን። አምስት ወይም አሥር ፍሬ ተገዝቶ ይኬዳል። በዚህ አያያዝ ግን ለሶለል አይደርስም። እነዚህ መድኃኒቶች በብጉር ላይ የሚታይ ለውጥ የሚያመጡት በትክክል ከተወሰዱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ነው። ለነሐሴ 16 ያሰበች ልጅ ሰኔ ላይ መጀመር ነበረባት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የተገዛው አሥር ፍሬ ለፊቷ ምንም ሳያደርግ ያልቃል፤ በአንጀቷና በጉሮሮዋ ያሉት ተዋሲያን ግን መድኃኒቱን ቀምሰው ይቀራሉ። የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

ወባ ባለበት፣ ድርቅና ጦርነት በተፈራረቀበት አገር ስለ ብጉር ሰው ሰብስቦ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። «ሲያድግ ይለቀዋል» ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው። «ሲያገባ ይጠፋለታል» የሚልም አለ፤ የሚያጠፋው ግን ዕድሜው እንጂ ጋብቻው አይደለም። ከ12 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ወጣቶች 85 በመቶ ያህሉ በአንድ ወቅት ብጉር ያወጣሉ ተብሎ ይገመታል። በብዙዎቹ ቀለል ብሎ ያልፋል። ጥቂቶቹን ግን ጥልቅ ጠባሳ ትቶባቸው ይሄዳል፣ ከሰው ያሸሻቸዋል፣ ፎቶ መነሣት ያስጠላቸዋል። እንደኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ብጉሩ ከጠፋ በኋላ ጥቁር ነጠብጣቡ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ብጉር መታከም ያለበት በሽታ ነው፤ ሊታከም የመጣን ልጅ «ይህም በሽታ ሆኖ ነው?» ብሎ የሚመልስ ባለሙያ ካለ እሱ ነው የተሳሳተው።

መጀመሪያ ብጉር ምን እንደሆነ እንግባባ። የደም መቆሸሽ አይደለም፣ ፊት ባለመታጠብም አይመጣም። በፊታችን፣ በደረታችንና በጀርባችን ቆዳ ውስጥ ቅባት የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። ጉርምስና ሲገባ በወንድም በሴትም አካል የሚመነጩ አንድሮጅን የተባሉ ሆርሞኖች እነዚህን ዕጢዎች ያነቃቋቸዋል፤ ቅባቱ ይበዛል። በዚያው ጊዜ የሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ተጣብቀው ቅባቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይደፍኑታል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በጠብታ መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ሰዎች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም፦ የጎማው ቀዳዳ ሲደፈን ውኃው መምጣቱን አያቆምም፤ ከኋላ ይጠራቀማል። ቅባቱም እንደዚያው ይጠራቀማል። በዚያ አየር በማይገባው ቅባት ውስጥ ኩቲባክቴሪየም አክነስ የተባለ ባክቴሪያ ይራባል። ይህ ባክቴሪያ ከውጭ የመጣ ወራሪ አይደለም፤ ፊቷ እንደ መስታወት በጠራችውም ልጅ ቆዳ ላይ ይኖራል። ሰውነታችን ግን በዚያ ቦታ መብዛቱን ሲያይ ይቆጣል፤ ያብጣል፣ ይቀላል፣ መግል ይይዛል።

እንግዲህ ነገሩ አራት ነው፦ የቅባት መብዛት፣ የቀዳዳ መደፈን፣ የባክቴሪያ መራባት፣ የሰውነት መቆጣት። በአፍ የሚወሰደው አንቲባዮቲክ የሚነካው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው። ቅባቱን አይቀንስም፣ የተደፈነውንም አይከፍትም። ኪኒኑን ብቻ የወሰደ ሰው ሲያቆም ብጉሩ የሚመለስበት ምክንያት እዚህ ጋ ነው። «መድኃኒቱ አልሠራም» ወይም «የተጭበረበረ ነው» ይባላል። ሠርቷል፤ ሥራው ግን ግማሹ ብቻ ነበር።

ከዚህ ተነሥተን ኪኒኑ ለማን እንደሚገባ መናገር ይቻላል። ፊቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ጫፍ ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች ብቻ ያሉበት ሰው አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፤ እዚያ ያለው መደፈን ነው። ጥቁሩ ጫፍም ቆሻሻ አይደለም፤ በሳሙና ቢፈገፈግ አይለቅም፣ ቆዳውን ያቆስላል እንጂ። አልፎ አልፎ ሦስት አራት ብጉር ለሚወጣበትም የሚቀባው መድኃኒት በቂ ነው። ኪኒኑ የሚመጣው ብጉሩ ሲበዛ፣ ሲቀላና ሲያም፣ ወደ ደረትና ጀርባ ሲወርድ፣ ወይም ጠባሳ መተው ሲጀምር ነው። ጀርባን በሙሉ ጄል መቀባት አስቸጋሪ ስለሆነ እዚያ ላይ ኪኒኑ በእርግጥ ጠቃሚ ነው።

ስለ መድኃኒቱ ዘር ጥቂት ልበል፤ ታሪኩ ደስ ይላል። የቴትራሳይክሊን ቤተሰብ የተገኘው ከአፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ቤንጃሚን ዱጋር የተባለ፣ ዕድሜው ከሰባ ያለፈ አሜሪካዊ የዕፀዋት ተመራማሪ፣ ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ማሳ ከተላከ አፈር ውስጥ ወርቃማ ቀለም ያለው ተሕዋስ አገኘ፤ ከእርሱም ኦሪዮማይሲን የተባለው መድኃኒት ወጣ። ዶክሲሳይክሊን የዚያ ቤተሰብ ታናሽ ነው፤ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በሱዳን ኑብያ ከ350 እስከ 550 ዓመተ ምሕረት ገደማ የተቀበሩ ሰዎች አጥንት ውስጥም ቴትራሳይክሊን ተገኝቷል፤ ተመራማሪዎቹ ከእህል ከጠመቁት መጠጥ የመጣ ነው ይላሉ። ይህን ሰምታችሁ ለብጉር ጠላ አብዙ አልኩ እንዳትሉኝ።

ዶክሲሳይክሊን ባክቴሪያው ፕሮቲን እንዳይሠራ በማድረግ መራባቱን ያግዳል። ከዚያ በተጨማሪ ራሱን የቻለ ቁጣ የማብረድ ጠባይ አለው፤ ባክቴሪያን በማይጎዳ አነስተኛ መጠን እንኳ ሲሰጥ እብጠትን ይቀንሳል። ስለዚህ «ብጉር ኢንፌክሽን ነው፣ በአንቲባዮቲክ ይጠረጋል» የሚለው አስተሳሰብ ከሥሩ የተዛባ ነው። ጠርጎ የሚጨርሰው ነገር የለም። የሚሰጠን ጊዜ ነው፤ እብጠቱ በርዶ፣ የሚቀባው መድኃኒት የተደፈነውን ቀስ በቀስ እስኪከፍት ድረስ።

ታዲያ በትክክል እንዴት ይወሰዳል? ለአዋቂ የተለመደው 100 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን በቀን አንድ ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮት የሚቀባ መድኃኒት ይታዘዛል፤ ከሁሉ የሚመረጠው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው። ይህ ጄል ባክቴሪያውን በኦክስጅን ስለሚገድለው ባክቴሪያው ሊላመደው አልቻለም፤ ለዚህም ነው ከአንቲባዮቲክ ጋር የሚጣመረው። 2.5 በመቶ የሆነው 10 በመቶ ከሆነው የማይተናነስ ሥራ ይሠራል፤ ልዩነቱ 10 በመቶው ቆዳን የበለጠ ማቃጠሉ ነው። «ኃይለኛውን ስጡኝ» ማለት እዚህ ላይ አያዋጣም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማታ እየዘለሉ በስሱ መቀባት፣ ከዚያ በየማታው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ጨርቅ ያነጣል። የነጠላ ጥለት፣ ባለ ቀለም የትራስ ልብስ፣ የሻሽ ጫፍ ነክቶ ካደረ ማግሥቱን ቀለሙ ሄዷል። አዳፓሊን ወይም ትሬቲኖይን የተባሉት ቅባቶች ደግሞ የተደፈነውን የሚከፍቱ ናቸው፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሆኑም።

አንቲባዮቲክ ኪኒን እየወሰዱ ክሊንዳማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን የመሰለ አንቲባዮቲክ ቅባት መደረብ አይገባም። ጥቅሙ አይጨምርም፤ የሚጨምረው የባክቴሪያው መላመድ ነው። የዐይን ቴትራሳይክሊን ቅባት ፊት ላይ የሚቀቡም አሉ፤ እሱ ለትራኮማ የተዘጋጀ የዐይን መድኃኒት ነው፣ ቅባትነቱም ቀዳዳውን ይብስ ይደፍነዋል።

በ12 ሳምንት መታየት አለበት። ይህ የዛሬው ንግግሬ እምብርት ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሕክምና መመሪያ ለብጉር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ 12 ሳምንት ሲሞላ እንዲገመገም ያዝዛል፤ የሌሎች አገሮች የቆዳ ሐኪሞችም ከሦስት እስከ አራት ወር ይላሉ። ፊቱ ከጠራ ኪኒኑ ይቆማል፣ ጄሉ ይቀጥላል። ካልጠራ ሌላ መላ ይፈለጋል። «ተስማምቶኛል» ብሎ ዓመት ሁለት ዓመት መዋጥ፣ ወይም በየበዓሉ አሥር አሥር ፍሬ እየገዙ መቆራረጥ፣ ሁለቱም ጥፋት ናቸው። የማቆሚያው ቀን መወሰን ያለበት በመጀመሪያው ቀን ነው፣ ኪኒኑ ከመድኃኒት ቤት ሳይወጣ።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እናገራለሁ? ኪኒኑ ፊት ላይ ብቻ አይሄድም። ከሆድ ተነሥቶ በደም ይዞራል፤ በአንጀት፣ በአፍንጫ፣ በጉሮሮ የሚኖሩ ተዋሲያን ሁሉ ያገኛቸዋል። ደካሞቹ ይሞታሉ፣ መቋቋም የቻሉት ይተርፋሉ፣ ቦታውን ይወርሳሉ፣ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብም ይተላለፋሉ። ይህን ለማሳየት አውሮፓ መሄድ አያስፈልግም፤ ምስክሩ እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ አለ። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ለትራኮማ ማጥፊያ አዚትሮማይሲን በየሦስት ወሩ ለሕፃናት ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናት መሠረት፣ በሕፃናቱ አፍንጫ ውስጥ የሚገኘውና የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጣው ባክቴሪያ መድኃኒቱን የመቋቋሙ መጠን ከመጀመሩ በፊት 3.6 በመቶ ነበር፤ በዓመቱ 46.9 በመቶ ደረሰ። መድኃኒቱ ባልተሰጠባቸው ቀበሌዎች 9.2 በመቶ ብቻ ነበር።

እንዳትሳሳቱ፣ ያንን ዕደላ እየነቀፍኩ አይደለም። ትራኮማ ዐይን ያጠፋል፤ በዚያው ወረዳ መድኃኒቱን በወሰዱ ሕፃናት ዘንድ የሞት መጠን ቀንሶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ «የወባና ትራኮማ ሳምንት» እየተባለ በክልላችን ዚትሮማክስ የተባለው አዚትሮማይሲን ሲታደል ብዙዎቻችሁ ወስዳችኋል፣ ደግ አደረጋችሁ። ዋጋ ተከፍሏል፣ የተከፈለው ግን ዐይንንና ሕይወትን ለማትረፍ ነው። በሌሎች የአገራችን አካባቢዎች በተደረገ ክትትልም ዕደላው ሲቆም የባክቴሪያው መቋቋም ቀስ በቀስ ቀንሷል። ያንኑ ዋጋ ለሶለል በተገዛ አሥር ፍሬ፣ ያውም ፊቱን ሳያጠራ፣ መክፈል ግን ኪሳራ ነው። አዚትሮማይሲንን ለብጉር «በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ ይቀላል» እያሉ የሚወስዱትን የምመክረው ለዚህ ነው፦ ሐኪም ዶክሲሳይክሊን አይሆንላችሁም ካላለ በቀር ተዉት።

ዶክሲሳይክሊንም ቢሆን ለኛ ተራ መድኃኒት አይደለም። በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት፣ ታይፈስ፣ ኮሌራ በሱና በዘመዶቹ ይታከማሉ። ሰው ተፈናቅሎ በየትምህርት ቤቱ ተጨናንቆ ሲኖር እነዚህ በሽታዎች እንዴት እንደሚነሡ ይህ አካባቢ ይነገረው አይባልም። ለከብቶቻችን የምንወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊንም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ እዚህ ራያ ውስጥ በሬና ግመል ያለው ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ቤተሰብ በሰውም በእንስሳም ላይ ያለ ልክ ሲፈስ መጨረሻው ይታወቃል። መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል።

አሁን ወደ አወሳሰዱ ልመለስ፤ በተለይ ለኛ ቆለኞች ለሆንነው ብዙ የሚባል አለ።

አንደኛው ውኃ ነው። ዶክሲሳይክሊን ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ ከቀረ የምግብ መውረጃ ቧንቧን ያቃጥላል፤ ምራቅ እንኳ መዋጥ እስኪያቅት ድረስ ያቆስላል። በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጥ አድርጎ ወዲያው ጋደም የሚል ሰው ይህ ያገኘዋል። ስለዚህ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ከዚያ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ቁጭ ወይም ቆም ማለት። ጿሚዎች ይህን በደንብ ስሙኝ። ከሶለል በፊት ያለው ፍልሰታ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ልጆች ኪኒኑን ከማፍረሻው ምግብ ጋር በሙሉ ውኃ ቢወስዱት ጥሩ ነው፣ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። በረመዳን የሚጾሙም በመግሪብ ከምግቡ ጋር ይውሰዱት፤ በሱሑር ውጦ ተመልሶ መተኛት ግን ጉሮሮን ለቁስል ማጋለጥ ነው። በቀን አንዴ የሚወሰድ መሆኑ ለጾም የተመቸ ነው፤ ኪኒን ለመዋጥ ብሎ ጾም መፍታት፣ ወይም ለጾም ብሎ ኪኒን እያቋረጡ መውሰድ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ወተት ነው። ቴትራሳይክሊን ከወተት፣ ከእርጎና ከአይብ ጋር ሲገናኝ በካልሲየሙ ተይዞ ሳይሠራ ይወጣል። ዶክሲሳይክሊን የተሻለ ቢሆንም እሱንም ማራቁ ይመረጣል። ራያ ላይ ወተት አትጠጡ ማለት ለሰሚውም ይከብዳል፤ ሁለት ሰዓት አራርቁት ነው የምላችሁ። የሚታኘከው ወይም የሚጠጣው የጨጓራ መድኃኒትና የደም ማነስ ኪኒን ግን ከወተቱ ይብሳሉ። ጨጓራ የማያመው ሰው በጠፋበት ዘመን ይህን ሳይጠይቅ ኪኒን የሚሰጥ ባለሙያ ሥራውን አልሠራም።

ሦስተኛው ፀሐይ። ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ቆዳ በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ በመጠኑ ይከላከላል እንጂ ነፃ አያወጣም። ከሮቢትና ከጎብዬ ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሲነቅል የሚውል ወጣት አፍንጫው፣ የጆሮው ጫፍና የእጁ ጀርባ ሊላጥ ይችላል። «ማታ ማታ ብወስደው ይሻላል?» ይሉኛል። ብዙም ለውጥ የለውም፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ውሎ የሚያድር ነው። ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ረጅም እጅጌ። ፀሐዩ ጥቁር ነጠብጣቡንም ስለሚያጠቁረው መከለሉ ሁለት ጥቅም አለው።

ሙቀቱ መድኃኒቱንም ያበላሸዋል። ጊዜው ያለፈበትና በሙቀት የተበላሸ ቴትራሳይክሊን ኩላሊትን እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ይታወቃል። ከቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ መስኮት ላይ ወይም መኪና ውስጥ የቆየ ካፕሱል ሲከፈት ዱቄቱ ጠቁሮ ወይም ተጋግሮ ከተገኘ ይጣል። ጊዜው ካለፈ ደግሞ መልኩ ባይለወጥም ይጣል። ለቁስል መነስነሻም አይሁን፤ ካፕሱል ፈልፍሎ ቁስል ላይ መነስነስ ራሱ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ዕድሜው ከስምንት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን አይወስዱትም፤ የሕፃኑን ጥርስና አጥንት ይነካል። ብርቱ ራስ ምታት ከዐይን ብዥታ ጋር ከመጣ ወዲያው አቁሞ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ለከባድ ብጉር የሚሰጠው አይዞትሬቲኖይን የተባለ ኪኒን ከዶክሲሳይክሊን ጋር ፈጽሞ አብሮ አይወሰድም፤ ጽንስንም ክፉኛ ስለሚያበላሽ በሐኪም ክትትል ካልሆነ የሚነካ አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ ያለው ፊት ላይ በተቀባው ነገር ነው፤ ኪኒን ቢዋጥ ቢዋጥ አይለውጠውም። ለፊት ማቅሊያ ተብለው የሚሸጡት ቤታሜታዞንና ክሎቤታዞል ያሉባቸው ክሬሞች መጀመሪያ ፊትን ያለሰልሳሉ፣ ቆይተው ቆዳውን ያሳሱታል፣ ብጉሩን ያፈሉታል። ሲያቆሙት ይብሳል፣ ስለዚህ ይመለሱበታል። በአደባባይ ባይነገርም ከዚህ አዳራሽ ውስጥ በቦርሳ ያለ ይመስለኛል። ቅቤውም አለ። የራያ ጎፈሬና ሹሩባ ያለ ቅቤ አያምርም፣ ይህን አልክድም፤ ግን ቅቤውና ቫዝሊኑ ወደ ግንባር ሲወርድ በፀጉሩ ድንበር ላይ ጥቃቅን ብጉር ይደረድራል። ቅቤውን ከጠጉር ሥር ማራቅ፣ ሲተኙ ግንባርን መጥረግ፣ ሻሹን ማጠብ ብቻ የሚያድናቸው አሉ። መርፌ ወይም በክንድ ውስጥ የሚቀበር የወሊድ መቆጣጠሪያ ከጀመረች በኋላ ብጉር የበረታባት ሴትም ነገሩን ለጤና ባለሙያዋ ትንገር፤ ሌላ ዓይነት መቆጣጠሪያ ሊረዳት ይችላል።

ብጉር ያልሆነም አለ። በላብና በሙቀት ጊዜ ግንባርና ደረት ላይ የሚወጣ፣ ሁሉም አንድ መጠን ያለውና የሚያሳክክ ሽፍታ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ አንቲባዮቲክ ያባብሰዋል። ወራት ያስቆጠረ፣ የማያምና የማይድን አንድ ነጠላ ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ጆሮና ግንባር ላይ የሚወጡ የማያሙ እብጠቶች፣ በተለይ የቆዳ መደንዘዝ ካለ፣ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ፤ መድኃኒቱ በነፃ የሚሰጥ፣ በጊዜ ከተገኘ ሙሉ በሙሉ የሚድን በሽታ ነው። እንዲህ ያለውን ወደ ቆቦ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ወልድያ፣ ከዚያም በቆዳ ሕክምናው ወደሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መላክ ይገባል። ቦሩ ሜዳ ደሴ አጠገብ ነው፣ ከዚህ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሩቅ ነው፣ ትራንስፖርቱም ገንዘብ ነው። ለተራ ብጉር ማንም እዚያ ድረስ እንዲሄድ አልመክርም፤ ተራ ብጉር በጤና ጣቢያ መታከም የሚችል ነገር ነው። ጠባሳ እየተወ ያለ ወይም በ12 ሳምንት ያልበረደ ብጉር ግን መንገዱ ይገባዋል።

ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ ስለሆናችሁ በግልጽ ልናገር። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ፤ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። ሁላችንም እናውቀዋለን። «እኔ ባልሸጥላት ከጎን ካለው ትገዛለች» የሚለውንም ምክንያት ሁላችንም ሰምተነዋል። ያለ ማዘዣ ለመጣችው ልጅ ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱን አሳዩአት፣ እንዴት እንደሚቀባ ንገሯት፣ ኪኒን የሚያስፈልጋት ከመሰላችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኳት። ማዘዣ ይዛ ለመጣችው ደግሞ ጥቅሉ ላይ በእስክርቢቶ ሁለት ነገር ጻፉላት፦ የተጀመረበት ቀንና የሚቆምበት ቀን። ከእናንተ የሚጠይቀው አንድ ደቂቃ ነው።

ዛሬ እዚህ ካላችሁት መካከል ለብጉር ዶክሲሳይክሊን መውሰድ ከጀመራችሁ ከአራት ወር ያለፋችሁ ካላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ውስጥ ያዘዘላችሁን ሐኪም ወይም ቅርባችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ አነጋግሩ። ይህ መድኃኒት መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ ሳያስፈልግ በአንድ ቀን ሊቆም ይችላል፤ ጄሉን ግን ቀጥሉ። የተረፋችሁን ኪኒን ለእህት፣ ለወንድም ወይም ለጓደኛ አትስጡ፤ ወደ መድኃኒት ቤቱ መልሱት።